የቶሺኤ ወንድም

«እኚህስ ማን ናቸው?» አሉ ሽማግሌው፣ ከሬሳው ራስጌ ወደተቀመጠችው ሴት በአገጫቸው እየጠቆሙ።

«ሚስቱ ናቸው» አለች ቶሺኤ።

«ኢሳኦ ሚስት ነበረው እንዴ?»

ሚቺዮ አንገቷን ደፋች። ከጠዋት ጀምሮ ለቅሶ የሚደርሰው ሁሉ ጫማውን ደጃፍ ላይ ያወልቅና መጀመሪያ ለቶሺኤ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል፤ «አይዞሽ፣ በርቺ» ይላታል። ከዚያ ሚቺዮን ሲያይ ግር ይለዋል። እርሷም ግር ይላታል። ለሽርሽር ብላ ከምትኖርበት ከሰንዳይ ከተማ የያዘችው ልብስ ሁሉ ደማቅ ስለነበር የለበሰችው ጥቁር ልብስ የቶሺኤ ነው፤ እጅጌው መዳፏ ድረስ ይወርድባታል። የተቀመጠችበትም ቤት የቶሺኤ ነው። ፊቱ ላይ ነጭ ጨርቅ ጣል ተደርጎለት የተኛው ሰውም፣ በዚህ ሰፈር፣ የቶሺኤ ወንድም ነው።

እርሷ የምታውቀው ኢሳኦ ግን እህት አልነበረውም።

ከጓዳ የጎረቤት ሴቶች ሹክሹክታ ይሰማል።

«ምስኪን፣ ምንም አታውቅም ነበር አሉ።»

«ሰው እንዴት ዕድሜ ልኩን አንድ ቤት ኖሮ የት እንደተወለደ አይናገርም? ባሏ ነበር ወይስ ተከራይዋ?»

«እረፊ አንቺ! ትሰማሻለች።»

ሰምታለች። አልተቆጣችም። ጥያቄው የራሷም ጥያቄ ነበር።

ሲጋቡ ኢሳኦ የከተማ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። «ዘመድ የለኝም፤ ሁሉም አልቀዋል» አላት። አሳዘናት እንጂ አልጠረጠረችውም። ቁጥብ ሰው ነው። ከሥራ ሲመለስ ሻዩን ይጠጣል፣ ጋዜጣውን ያነባል፣ ይተኛል። ጡረታ ሲወጣ «እስቲ አንድ የድሮ ወግ ያልጠፋበት ከተማ ወስደህ ጥሩ ምግብ አብላኝ» አለችው። ያሰበችው ኪዮቶን ነበር። እርሱ ግን ሳያመነታ «ካናዛዋ ይሻላል፤ ዓሣው ይበልጣል» አለ።

«በምን አወቅህ?»

«ተሳፋሪ ሲያወራ ሰማሁ።»

ካናዛዋ ሲደርሱ ሌላ ሰው ሆነባት። በረዶ እንዳይሰብራቸው በገመድ የተወጠሩትን ጥዶች፣ የድሮ ጦረኞች ሰፈር የጭቃ ግንቦችን እያሳያት፣ ካርታ ሳይዝ ከቅያስ ቅያስ እየታጠፈ መራት። ገበያ ውስጥ ከሸርጣን ሻጯ ጋር በአገሩ ዘዬ እየተቀላለደ ዋጋ ተከራከረ። ሚቺዮ አፏን ከፍታ ቀረች። ባሏ ሲቀልድ ሰምታ አታውቅም። አንድ አሮጌ ሱቅ ጋ ሊደርሱ ሲሉ ግን ባርኔጣውን ወደ ግንባሩ ሳብ አድርጎ መንገዱን በጥድፊያ ተሻገረ።

«ምን ሆንህ?»

«ሽንቴ መጣ።»

በማረፊያቸው እራት ላይ የከተማው የክረምት ምግብ ቀረበላቸው። ክብ ነጭ ሥር ለሁለት ይሰነጠቅና ዓሣ መሃሉ ገብቶበት በሩዝ ብቅል ይብላላል። ኢሳኦ አንዴ ጎርሶ ዓይኑን ጨፈነ። «ጨው በዝቶበታል» አለ። ከየት እንደተገዛ አስተናጋጇን ጠየቃት። የሱቁን ስም ስትነግረው ሳህኑን ሙልጭ አድርጎ በላ፤ የሚስቱንም ድርሻ ደገመ።

በማግስቱ ከቁርስ እንደተነሳ ደረቱን ይዞ ወደቀ። ሆስፒታል ሲደርሱ ትንፋሽ እያጠረው አንድ የስልክ ቁጥር ለነርሷ ደጋግሞ ነገራት። «እህቴን ጥሩልኝ።»

«እህት የለውም። እየቃዠ ነው» አለች ሚቺዮ።

ነርሷ ግን ደወለች። ብዙ ሳይቆይ የጎማ ሽርጧን እንኳ ያላወለቀች፣ ብቅል ብቅል የምትሸት ሴት እየሮጠች ገባች። አፍንጫዋ ቁርጥ የባሏ አፍንጫ ነው። በሕይወት አልደረሰችበትም።

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሻይ ተቀድቶ ሲቀመጥ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሟቹ አጎት ናቸው። «እንግዲህ ነገ ከተቃጠለ በኋላ አጥንቱ አባቱ መቃብር ይገባል። ያለቀ ነገር ነው።»

ሚቺዮ ቀና አለች። «አይሆንም። ባሌን ይዤ ነው የምሄደው።»

«የኛ ልጅ እኮ ነው፣ እመቤት።»

«እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ ታዲያ?» የገዛ ድምጿ አስደነገጣት። «እኔስ... እኔስ የት ነበርኩ?»

ሽማግሌው ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነስተው ወጡ። ቶሺኤ መጥታ አጠገቧ ተንበረከከች።

«ሲያገባዎት ስለኛ ምን አለዎት?»

«ሁሉም አልቀዋል አለኝ።»

«ገደለን በሉኛ!» ቶሺኤ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ተሰበረ። «በኩር ነው፣ ነጭ ሥር የምናብላላበትን ሱቅ መረከብ ነበረበት። አልፈልግም ብሎ ከአባታችን ተጣላና ወጥቶ ቀረ። እኔ ታጭቼ ነበር፤ ሩቅ አገር ላገባ። ሱቁን የሚይዝ ሲጠፋ እኔ ቀረሁ፣ እጮኛዬም ጥሎኝ ሄደ። አባታችን ከሞተ ስንት ዘመኑ! የፈራው እርሱን አይደለም። እኔን ነው።»

«ይጠሉት ነበር?»

«በጣም። የሱቁን ስልክ ግን አልቀየርኩም።»

ቶሺኤ የቀዘቀዘውን ሻይ ደፍታ ሌላ ቀዳችላት። ከዚያ «እዚህ መጥቶ ምን ምን በላ?» አለች።

ሚቺዮ ነገረቻት። ሸርጣኑን፣ የወንዙን ዓሣ፣ የቀይ ባቄላውን ጣፋጭ። ከዚያ አመነታች። «የእርስዎንም በላ። ነጭ ሥሩን።»

«ምን አለ?»

ደስ የሚያሰኝ ነገር ልትላት አስባ ነበር። ግን እስካሁን የተደበቀው ይበቃል። «ጨው በዝቶበታል አለ።»

ቶሺኤ አፏን በእጇ ያዘች። «እውነቱን ነው» አለች። «አባቴ ከሞተ ወዲህ ልኩ ጠፍቶብኛል። ደፍሮ የነገረኝ ሰው የለም።» ይህን ብላ ሬሳው ከመጣ ጀምሮ ያልወጣላትን እንባ አወረደችው።

«ጨርሶታል ግን» አለች ሚቺዮ። «የኔንም ጭምር።»

ቶሺኤ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። «አጥንቱን ይውሰዱት። አጎቴን ለኔ ይተዉልኝ። እኔ ያለ እርሱ መኖር ለምጃለሁ፤ እርስዎ አይችሉበትም።»

በነጋታው እሳቱ ሥራውን ጨርሶ፣ ከብረት አልጋው ላይ አመድና ነጫጭ አጥንት ብቻ ቀረ። ለቀስተኛው ሁለት ሁለት ሆኖ በረጃጅም እንጨቶች አንዱን አጥንት ለሁለት እያነሳ፣ ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ፣ ማሰሮው ውስጥ ያስቀምጣል። ሚቺዮ ታያለች፤ የምታየው ግን አይገባትም። ይህ የትኛው ኢሳኦ ነው? ገበያ ውስጥ የሚቀልደው ነው? ሻዩን ጠጥቶ የሚተኛው ነው? አንድ ነገር ብቻ አውቃ አድርጋለች፤ ቀደም ብላ ሠራተኛውን ጠጋ ብላ ሌላ ትንሽ ማሰሮ አስመጥታለች።

«ይህ የጉሮሮው ነው» አለ ሠራተኛው። «መጨረሻ ይቀመጣል። ለቅርብ ሰዎች ነው።»

ሚቺዮና ቶሺኤ ፊት ለፊት ቆመው አጥንቷን በየእንጨታቸው ያዙ። ቶሺኤ ወደ ትልቁ ማሰሮ አዘነበለች። ሚቺዮ አልተከተለቻትም። እንጨቷን ሳታላላ ቀስ ብላ ወደ ትንሹ ሳበች።

«ኧረ እዚያ አይደለም» አለች ቶሺኤ በሹክሹክታ። እንጨቷ ከአጥንቷ ላይ ሊንሸራተት ደረሰ።

«ትንሹ ካንቺ ጋር የሚቀረው ነው። ያዢው እንጂ» አለች ሚቺዮ፤ «ይወድቅብናል።»

ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ወደ ትንሹ ማሰሮ አወረዱት።