እንዴት አስረከብሽ?

ጁራሲን ተውሳከ ግሥ የሚባለው ነገር አልገባት ብሏል። ስምን ታውቃለች፤ ቅጽልንም አትስትም፤ ዳቦው ትኩስ፣ ዳቦዎቹ ትኩሶች፣ እሷ ቆንጆ፣ ነፍሱን ይማረውና ባሏ መልከ ጥፉ። ቅጽል በፖርቱጋልኛ ሰው አይቶ የሚያድር ቃል ነው፤ ለሴት ሴት፣ ለወንድ ወንድ፣ ለብዙ ብዙ ይሆናል። ተውሳከ ግሥ ግን ለማንም አይለወጥም። ጁራሲ “ትንሽ ደክሞኛል” ስትል ያንን “ትንሽ” እንደ ከተማዋ ሴቶች ሁሉ በሴት አንቀጽ ታወጣዋለች።

“እትዬ ጁራሲ፣ ያ ቃል የእርስዎን ሴትነት አያውቅም፤ የሚያውቀው ድካምዎን ብቻ ነው” አለቻት መምህርቷ ታይናራ፣ ዕድሜዋ የልጅ ልጇ የሚሆን ቀጭን ልጅ።

“ምን ዓይነቱ ባለጌ ቃል ነው እባክሽ!” ብላ ጁራሲ ክፍሉን አሳቀችው።

ይህን ትምህርት ያስጀመረቻት የበኩር ልጇን ክርስትና ያነሳችላት አበልጇ ዙሌይዴ ነበረች። “ካረጀን አይቀር የተማርን አሮጊቶች እንሁን” ብላ እየጎተተች ነው ያመጣቻት፤ ከሰዓት ከሰዓት አንድ ዴስክ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር። አሁን የዙሌይዴ ቦታ ባዶ ነው። ባዶ ያደረገችው ጁራሲ ናት። ይህን ከራሷ ከጁራሲ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ወይም እሷ እንደዚያ ይመስላታል።

በዚያች የሚናስ ክፍለ ሀገር ከተማ የእመቤታችን ምስል ያለችበት የእንጨት ሳጥን ከቤት ቤት ትዞራለች፤ በየቤቱ አንድ ቀን ታድራለች። ተረኛዋ ሳጥኗን በሁለት እጇ አቅፋ እየዘመረች ወደ ቀጣዩ ቤት ትወስዳለች። እዚያ ደጃፉ ላይ ሁለቱ ሴቶች የሳጥኗን ትንንሽ በሮች አብረው ከፍተው ይጸልያሉ፤ ርክክብ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። ታዲያ የጁራሲ ተራ የደረሰ ዕለት፣ ለአውቶቡስ ጣቢያው መንገደኛ የምትሸጠው የአይብ ዳቦ ገና እምድጃ ውስጥ ነበር። የበሰለውንም ማድረስ አለባት። በአንድ መንገድ ሁለቱንም ልገላገል ብላ ሳጥኗን በአንድ ብብቷ ሸጉጣ፣ በሌላው እጇ የዳቦ ቅርጫት አንጠልጥላ ወጣች። መዝሙርማ ማን አስታውሶት።

ቀጣዩ ቤት የዙሌይዴ ነው፤ ደጃፉ ያለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ስትደርስ ሳጥኗ ከብብቷ ሾልካ ወደቀችና በሮቿ ተበረገዱ፤ ቅርጫቱም ተደፋ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና የተረፈው መልቀም ሆነ። ዳቦውን ለቃቅማ ስታበቃ ከመሃሉ ከምስሏ የተሰበረች አንዲት ነጭ የጄሶ እጅ አገኘች፤ የሕፃን አውራ ጣት ብታህል ነው። ጁራሲ የጄሶዋን እጅ የሽርጧ ኪስ ከተተች፣ የሳጥኗን በሮች ዘጋች፣ የሚታሰሩበትን ሪባን ጥብቅ አድርጋ አሰረች፣ አንኳኳች።

“እንቺ አበልጄ፣ ዳቦዬ ሊያርብኝ ነው፤ ጸሎቱን አንቺው አድርሺልኝ!” ብላ ወደ ቤቷ ፈረጠጠች።

ማታ ጎረቤት ለጸሎት ተሰብስቦ በሮቹ ሲከፈቱ ምስሏ ቀኝ እጅ የላትም። ዓይን ሁሉ ወደ ኤዴቫልዶ ዞረ። ኤዴቫልዶ የዙሌይዴ አማች ነው፤ ጴንጤ ስለሆነ ለምስል አይንበረከክም፤ ዙሌይዴ ገበያ ደርሳ እስክትመለስ ደግሞ ከሳጥኗ ጋር ብቻውን ነበር።

“እኔ ጄሶ አልነካም” አለ።

ከዚህ መልስ ዝምታው ይሻለው ነበር። ወሬው ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነ፤ መዶሻ ይዞ አየሁት የምትል ሁሉ ተገኘች። የዙሌይዴ ቤት ከተራው ወጣ። ዙሌይዴም ከሰው ዓይን ለመሸሽ ትምህርቱን ተወች። ጁራሲ በበኩሏ ያቺን እጅ የካሳቫ ዱቄት ጣሳዋ ውስጥ ቀበረቻት። ነጭ በነጭ ውስጥ ማን ያያል? ግን ዳቦ ልታቦካ ዱቄት በዘገነች ቁጥር ያቺ ትንሽ እጅ ጣቷን ትነካታለች።  እናገራለሁ ትላለች፣ ታቦካለች፣ ትጋግራለች፣ አትናገርም።

ዛሬ ታይናራ አዲስ ጨዋታ ይዛ መጣች። “ሰሞኑን ያደረጋችሁትን በአጭሩ ተናገሩ፤ ሌላው ‘እንዴት?’ ብሎ ይጠይቅ። ግሡ የሠራችሁትን ይናገራል፤ ተውሳከ ግሡ አጠገቡ ቆሞ እንዴት እንደሠራችሁት ይመሰክራል።”

ጡረታ የወጣው የከባድ መኪና ሾፌር ኦኖፍሬ ጀመረ። “በቅሎዬን ሸጥኩ።”

“እንዴት?”

“በርካሽ! እግዜር ይይለት ያንን ሌባ!”

ጁራሲ “ዳቦ ጋገርኩ” ልትል ተዘጋጅታ ነበር። አፏ ከዳት። “እመቤታችንን ለአበልጄ አስረከብኩ” አለች።

“እንዴት?” አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

ጁራሲ የደብተሯን ጠርዝ ማጣጠፍ ያዘች። የፈራች የመሰላቸው ጓደኞቿ ያግዟት ጀመር። “በክብር!” አለች አንዷ። “በጥንቃቄ!” አለች ሌላዋ። “በመዝሙር ነዋ” አለ ኦኖፍሬ፣ “ያውም በዚያ ዶሮ በሚያስበረግግ ድምፅዋ!”

ታይናራ ሁሉንም ሰሌዳው ላይ ጻፈች። ጁራሲ ቃላቱን አንድ በአንድ አየቻቸው። ሁሉም ያማሩ ናቸው፤ አንዱም የሷ አይደለም። በሰማይም በምድርም አፈረች።

“እሷማ በክብር አስረክባ ነበር፤ ያ ጴንጤ ነው እንጂ ጉድ የሠራን” አለ ኦኖፍሬ። “ደግነቱ ዛሬ በአስር ሰዓቱ አውቶቡስ ሚስቱንም ልጆቹንም ይዞ አገር ይለቃል። ዙሌይዴ ለብቻዋ ልትቀር ነው፣ ምስኪን።”

ያን ጊዜ ገባት። ማስረከቧን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ማንም ያልጠየቃት እንዴት እንዳስረከበች ነው፤ ኃጢአቷም የተቀመጠው እዚያው ነው።

“ሰሌዳውን አጥፊው” አለች መምህርቷን። “ከዳቦ ጋር በብብቴ ሸጉጬ ነው የወሰድኳት። ጣልኳት። ሳልከፍት፣ ሳልጸልይ፣ እየዋሸሁ አስረከብኩ። እጇ እኔ ቤት ዱቄት ውስጥ አለች።”

 ኦኖፍሬ ባርኔጣውን ያገላብጥ ጀመር። ጁራሲ መልስ አልጠበቀችም፤ ቤቷ ሮጠች፣ ጣሳውን ወለሉ ላይ ገለበጠች፣ ያቺን ትንሽ እጅ ከዱቄቱ ፈልጋ አወጣችና ወደ ጣቢያው በረረች።

ስትደርስ አውቶቡሱ ከመታጠፊያው ሲሰወር ጀርባው ብቻ ታየ። ዙሌይዴ መንገዱ ዳር ቆማለች፤ የልጅ ልጇ የረሳውን ኮፍያ ይዛለች።

ጁራሲ በዱቄት የነጣ መዳፏን ዘረጋች። “አበልጄ፣ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የሰበርኳት።”

“አውቃለሁ።”

“ምን?”

“ሪባኑን ያሰርሽው የዳቦ ከረጢት በምታስሪበት ቋጠሮ ነው። ማታውኑ ስፈታው አወቅኩሽ።”

“ታዲያ ምነው ዝም አልሽ? አማችሽን ሲበሉት?”

“የክርስትና ልጄን እናት በአደባባይ ላዋርድ? ራሷ ትመጣለች ብዬ ነዋ። ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች ስል ልጄ ሄደች። እኔም ከአንቺ አልሻልም፤ ልጄን በአንቺ ለወጥኩ።”

“መጣሁ እኮ፣ አበልጄ።”

ዙሌይዴ ዞር ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየቻት። “መምጣቱንስ መጣሽ። እንዴት?”

“ዘግይቼ” አለች ጁራሲ።

ዙሌይዴ ያቺን ትንሽ እጅ ተቀበለቻት፣ ዱቄቱን በቀሚሷ ጠረገችላት፣ ኮፍያው ውስጥ አስቀመጠቻት። ከዚያ ጁራሲን እዚያው ትታ ብቻዋን ወደ ቤቷ ሄደች።