እህትማማቾቹን በመቀስ

ጀማሪዋ የላቦራቶሪ ሠራተኛ አንድ ነገር ከያዘች ሳትጨርስ አትለቅም፤ ችግሩ ሳትጠይቅ መጀመሯ ነው። ያን ቀን የሙከራ ጊዜዋ ያበቃል። ከቀጠሯት እሰየው፣ ካልቀጠሯት ወደ አክስቷ ሱቅ ተመልሳ ሳሙና ልትሸጥ ነው።

ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ ስላኮረፈ አለቃዋ የአንድ ሕፃን ክሮሞሶሞች የሚታዩበትን ፎቶግራፍ ከነመቀሱ ሰጠቻት።

«እየቆረጥሽ ጥንድ ጥንዱን ደርድሪ። እናትየው ኮሪደር ላይ ውጤት እየጠበቀች ነው» ብላት ወጣች።

ጀማሪዋ ቆረጠች አይገልጸውም! ኤክስ የመሰለውን ሁሉ ከላይ እስከ ታች ለሁለት እየሰነጠቀች ደረደረችው።

አለቃዋ ተመልሳ ስታይ መነጽሯን አውልቃ ወለወለች።

«ከዘጠና በላይ ክሮሞሶም! ሰው እኮ ያለው አርባ ስድስት ነው። ሕፃን ነው ያመጡልን ወይስ ዓሣ?»

«ሁለት ሁለት ሆነው ተጣብቀው ስላገኘኋቸው ነው ዶክተር።»

«ይጣበቁ እንጂ! ክሮሞሶሙ ራሱን ሲቀዳ ሁለቱ ቅጂዎች ወገባቸው ላይ ተያይዘው ይቆያሉ። እነሱ ክሮማቲድ ናቸው፣ እህትማማቾች፤ ሁለቱ አብረው አንድ ክሮሞሶም ተብለው ይቆጠራሉ። ሴሉ ሲከፈል ከተለያዩ በኋላ ነው እያንዳንዳቸው ክሮሞሶም የሚሆኑት። የሚለያያቸው ሴሉ ነው፤ አንቺ ማን ነሽና ነው እህትማማች የምታፋቺው?»

ጀማሪዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር።

«በይ መልሰሽ ለጥፊ። አንድ ካዛነፍሽ ግን በዚያው ደህና ሁኚ።»

ላቧ ጠብ እያለ እህትን ከእህቷ እያገናኘች ለጠፈች። ሁሉም ጥንድ ጥንዱን ይዞ ተቀመጠ፤ ከትንንሾቹ መሃል ግን አንዱ ጥንድ ላይ ሦስተኛ ተረፈ። አበቃልኝ አለች። ነቅላ እንደገና ለጠፈች። አሁንም ተረፈ።

«ዶክተር፣ ደግሜ አበላሸሁት» አለች ወረቀቱን እያሳየቻት።

አለቃዋ ልትቀልድ አፏን ከፈተችና ተወችው። ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብላ አንዱን ሴል አየች፣ ሌላውን አየች፣ ደግሞ ሌላውን።

«አላበላሸሽም» አለች ቀስ ብላ። «በሁሉም ሴል ሦስት ነው። ሕፃኑ ከጽንሱ ጀምሮ ይዞት የመጣው፣ ዳውን ሲንድሮም የሚያስከትል ትርፍ ክሮሞሶም ነው፤ ሐኪሙም የጠረጠረው ይህንኑ ነበር። ሥራሽ ጥሩ ነው። ነገ በጊዜ ግቢ።»

በመስታወቱ በኩል እናትየው ትታያለች። የልጇን እግር እየኮረኮረች ታስቀዋለች፣ እሱም ይፍለቀለቃል።

ጀማሪዋ ሥራ አገኘች። ምነው የእኔ ጥፋት ሆኖ በተባረርኩ፣ አለች በልቧ።