የማማው ግማሽ ዜማ

ሸዋ ሮቢት ላይ ከቀትር በኋላ ባዮሎጂ ማስተማር ለተኛ ሰው ሕልሙን እንደ ማስረዳት ነው። ሙቀቱ ከቆርቆሮው ጣሪያ እየወረደ የተማሪዎቼን ዐይን አንድ በአንድ ይዘጋዋል፤ ከመስኮቱ ማዶ የማሽላው ማሳ እስከ ተራራው ግርጌ ይርገበገባል። እኔ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ፤ በጉም ውስጥ ያደግሁ። መንግሥት ወደዚህ ቆላ ሲመድበኝ መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ ተሳደብኩ፣ በመጨረሻ ላቤን እየጠረግሁ ማስተማር ጀመርኩ።

ከሰሌዳው በላይ እንደ ዘመኑ ልማድ ሦስቱ ጢማም የሶሻሊዝም አባቶች ተሰቅለዋል። ከእነሱ ጎን በእጄ የሣልኩትን የሰው አንጎል ለጠፍኩ። "ቲቸር፣ ከአራቱ የሚያስበው የትኛው ነው?" ያለኝን ጎረምሳ ሳቄን ውጬ ከክፍል አስወጣሁት፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ልጅ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ሌሎቹ ጥያቄዎች ግን ደህና ነበሩ። እኛ ስንተኛ አንጎላችንም ይተኛል? የረሳነው ነገር ወዴት ይሄዳል? መናገር ያቃተው ሰው ማሰብም ያቅተዋል? ለመጨረሻው "አያቅተውም" ብዬ አለፍኩ። ይህን ቃሌን የሚፈትነው ሰው ግን በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ተኝቶ ነበር።

ጋሼ አብዱረሂም ይባላሉ፤ አከራዬ ናቸው። ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ግሪሳ የሚባለው ወፍ እልፍ ሆኖ ይመጣል፤ አንድ ማሳ ላይ ካረፈ ለባለቤቱ የሚተርፈው አገዳ ብቻ ነው። ስለዚህ በየማሳው መካከል ከእንጨት ማማ ይሠራል፤ ጠባቂው ወንጭፍና ቆርቆሮ ይዞ ይወጣበታል። መንጋውን ከራሱ ማሳ ሲያባርር ለሚቀጥለው ማማ በዜማ ያስታውቃል። በዚህ ሥራ ጋሼ አብዱረሂምን የሚያክል አልነበረም። በአንዱ ማማ እሳቸው፣ በሌላው ልጃቸው ሐምዲያ፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ይቀባበሉ ነበር።

"ሆ... አባ ሆ! ወፉ ወዴት ሄደ?" ትላለች።

"ሆ... ወፉ ወደ ወንዙ ሄደ!" ይሏታል።

ደክሞኝ ጋደም ስል ይህ ዜማ በእንቅልፌና በንቃቴ መካከል ያልፍ ነበር። ሕልሜ ውስጥ የደብረ ሲናን ጉም አልፎ ሲመጣ ሰምቼው አውቃለሁ።

መስከረም ሲጠባ ጋሼ አብዱረሂም ወደቁ። ቀኝ እጃቸው ዛለ፣ አፋቸው ጠመመ፣ ንግግራቸው "እህ" ብቻ ሆነ። ጎረቤት "ጂን መትቷቸው ነው" አለ። የጤና ጣቢያው ሐኪም ደግሞ በአንጎላቸው ግራ በኩል የደም ሥር ተዘግቷል አለ። እኔም ሥዕሌን ከክፍል አምጥቼ ግራውን ጎን በጣቴ እየነካሁ "እዚህ ጋ ነው ቃል የሚኖረው" ብዬ ለሚስታቸው ለእትዬ ናፊሳ አሳየኋት። ሥዕሉን አየችና "ታዲያ ሰውየው የት ነው የሚኖረው?" አለችኝ። ሥዕሌን ጠቀለልኩ።

ሐምዲያ የወደደችው ሳልህን ነበር፤ አዋሽ ዳር ባለ የመንግሥት ጥጥ እርሻ ትራክተር የሚነዳ፣ ሲስቅ አገጩን የሚያሻሽ ዝምተኛ ልጅ። ሽማግሌ ልኮ "እናስብበት" ተብሎ ነበር፤ አባትየው ቁርጡን ሳይናገሩ ወደቁ። የጋሼ አብዱረሂም ታናሽ ወንድም ሸሪፍ ደግሞ እዚሁ ከተማ ውስጥ ሱቅ ላለው ወዳጁ ሊድራት አሰበ። ለክፋት አልነበረም። አዋሽ ሩቅ ነው፣ ወባው የከፋ ነው፣ በዚያ ዘመን ወጣት ወንድ ዛሬ ትራክተር ላይ ቢታይ ነገ ግንባር ሊታይ ይችላል።

ሼህ ሷሊሕ ሁለቱንም ወገን ሰምተው ነገሩን አሳጠሩት። "ኒካህ ያለ ወሊይ፣ ያለ ሴቷ ዳሪ፣ አይሆንም። አባት አእምሮው ካለ ወሊይዋ እሱ ነው፤ ከሌለ ወንድሙ ይሆናል።"

እናም አእምሮ መኖሩን ሊጠይቁ መጡ። ጋሼ አብዱረሂም ከግራሩ ጥላ ሥር በጠፍር አልጋቸው ላይ ተደግፈዋል።

"ይህች ልጅህ ናት?" አሉ ሼሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አዎ።

"እህትህ ናት?" ነቀነቁ፤ አዎ።

"ለሳልህ ትሰጣታለህ?" አዎ። "ለባለ ሱቁስ?" አዎ። ይህን ሲሉ ግን እንባቸው በጠመመው ጉንጫቸው ወረደ።

"አያችሁ?" አለ ሸሪፍ፤ ድምፁ ደስታ አልነበረበትም።

እኔ ግን አልቻልኩም፤ የወንዶች ሸንጎ መሆኑን ረስቼ ጮህኩ። "አንገታቸው ነው እንጂ የከዳቸው ልባቸው አይደለም!"

"ልጄ፣" አሉ ሼህ ሷሊሕ በእርጋታ፣ "ልቡን አላህ ነው የሚያየው። እኔ የማየው አንገቱን ነው።" እስከ መጪው ጁምዓ ቀን ሰጡና ሄዱ።

ሰው ታመመ ተብሎ አዝመራ አይጣልምና በማግስቱ ሐምዲያ ከግቢው አጥር ማዶ ማማዋ ላይ ወጣች። ቀትር ነበር። ግቢው በሙሉ ተኝቷል፤ ዶሮዎቹ እንኳ አፋቸውን ከፍተው ጥላ ይዘዋል። ጋሼ አብዱረሂም ዐይናቸውን ጨፍነዋል፤ እኔ ደጃፌ ላይ ደብተር እያረምኩ የጻፍኩት መስመር እየተጣመመ ነው። ግሪሳው ተነሣ። ሐምዲያ ማንም እንደማይመልስላት እያወቀች፣ ልማድ ሆኖባት ጠራች።

"ሆ... አባ ሆ! ወፉ ወዴት ሄደ?"

"ሆ... ወፉ ወደ ተራራው ሄደ!"

ደብተሮቹ ከጭኔ ወደቁ። ያ የድሮው ድምፅ ነበር፣ ጥርት ያለ፣ ከዚያ ከጠመመ አፍ የወጣ። ወፉም በእርግጥ ወደ ተራራው ይበር ነበር። ሕልም መሰለኝ፤ እትዬ ናፊሳ ወንፊቷን ይዛ ከጓዳ ስትወጣ ባላይ ኖሮ እስከ ዛሬም ሕልም ነበር እል ነበር። እሷ ሮጣ ሄዳ "አብዱረሂም! እስቲ አናግረኝ!" አለች። "እህ፣" አሏት። እኔም ዜማውን ጀመርኩላቸው፤ ሸሪፍም መጥቶ ሞከረ። እንግዳ እንደሚያዩ በትሕትና አዩን። ሐምዲያ ስትጠራ ብቻ ቃሉ ይመጣል። ለምን እንደሆነ መጽሐፌን ገለበጥኩ፤ መጽሐፌ ስለ ሐምዲያ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

የሸሪፍ ሐሳብ ያን ምሽት ሌላ መልክ ያዘ። ሐምዲያን ፊቱ አስቀምጦ እንደ እኩያው ለመናት። "አባትሽ አእምሮ እንዳለው አሁን ገባኝ። እንግዲህ ስለ እሱ ብለሽ ቅሪ። ባለ ሱቁን አግቢ፤ በየቀኑ ትመጫለሽ፣ በየቀኑ ያወራል። አዋሽ ከወረድሽ ማን ያናግረዋል?" እሱም አለቀሰ፣ እሷም አለቀሰች፤ ጋሼ አብዱረሂም ከአልጋቸው ሆነው ሁሉንም ሰሙ።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሼሁና ሽማግሌዎቹ ከግራሩ ሥር ተቀመጡ። ሳልህ ታጥቦ ነጭ ለብሶ አንገቱን ደፍቷል። ባለ ሱቁም መጥቷል። ሐምዲያ እንደ ወጉ ከወንዶቹ መካከል አልተቀመጠችም፤ ማማዋ ላይ ናት፤ ቢጫ ሻሿ ከማሽላው በላይ ይታያል። እንዴት እንደምትጠይቅ ተነጋግረን ነበር። አንዱ ሽማግሌ "ኒካህ በዘፈን?" ብሎ ሲያጉረመርም ሼህ ሷሊሕ "አዛኑስ በዜማ አይደለም? ቃሉ ግልጽ ከሆነ ይበቃኛል" አሉት።

ጠበቅን። ሐምዲያ ግን ዝም አለች።

ግሪሳው መጣ። ከፀሐይዋ በታች ዞሮ ዞሮ የጋሼ አብዱረሂም ማሳ ላይ አረፈ። ወንጭፍ አልጮኸም። እዚያ የተቀመጥን ሁሉ እህሉ ሲለቀም እየሰማን አንድም ሰው አልተነሣም፤ እንደዚያ ያለ ጸጥታ ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። ብትጠራ ትሄዳለች፤ ከሄደች አባቷ ድምፅ የላቸውም። እሷን እኔ ብሆን አልጠራም ነበር። እውነቴን ነው፣ በልቤ "አትጥሪ" እላት ነበር።

ጋሼ አብዱረሂም በግራ እጃቸው ዳበሱና የወፍ ማባረሪያውን ቆርቆሮ አገኙት። በጡጫቸው መቱት። ደግመው መቱት። ተቆጥተው ነበር፤ አባት ልጁን ሥራ ስታቋርጥ እንደሚቆጣ። ማሳው ላይ የነበረው ወፍ በአንድ ጊዜ ተነሣና ሰማዩን አጠቆረው፤ በዚያ ጥላ ውስጥ የሐምዲያ ድምፅ እየተሰበረ መጣ።

"ሆ... አባ ሆ! ሐምዲያ ወዴት ትሂድ?"

"ሆ... ሐምዲያ ወደ ሳልህ ትሂድ!"

ጮክ ብሎ፣ ያለ ምንም መንተባተብ። ሸሪፍ ፊቱን በፎጣው ሸፈነ። ሼህ ሷሊሕ የጋሼ አብዱረሂምን ግራ እጅ ይዘው ውክልናውን ተቀበሉና ኒካሁን አሰሩ፤ ሳልህም "ተቀብያለሁ" አለ፤ እሱም ድምፁ የጠፋ መስሎ ሁለት ጊዜ ነበር ያስደገሙት።

እሑድ ወደ አዋሽ በሚወርድ የጭነት መኪና ሄደች። አቧራው ሳይበተን እትዬ ናፊሳ አልጋው አጠገብ ተንበርክካ ያንን ዜማ ቀስ ብላ ጀመረችላቸው። ጋሼ አብዱረሂም በግራ እጃቸው ጉንጯን ዳበሱት፤ ምንም አላሉም።

ንዴቴ መጣ፤ ሐዘኔ ሁልጊዜ በዚያ በር ነው የሚወጣው። "እንደዚህ እንደሚሆን ጋሼ ያውቁ ነበር! ለባለ ሱቁ ሰጥተዋት ቢሆን ዛሬም ያወሩ አልነበር? ምን ነበረበት ቢያስቀሯት?"

እትዬ ናፊሳ ቀና ብላ አየችኝ፤ ተማሪዬን እኔ እንደማየው።

"በይ እንግዲህ፣ አስቀራት እንበል ቆንጅትዬ። ከዚያ በኋላ በዚያ ድምፅ ምን ሊላት ነበር?"

ፀሐይዋ ዞራ እግራቸው ላይ ደርሳ ስለነበር አልጋውን በሁለት በኩል ይዘን ወደ ጥላው ሳብነው።