አንዲት ዙር ብቻ

ጥርስ ሠሪው እጁ የተባረከ ነው ይሉታል፤ ውሸትም አይደል። ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ሰም እየቀረጸ ለማያውቃቸው ሰዎች ጥርስ ይሠራል፤ እሱ በሠራው ጥርስ የሚስቅ ሰው በየመንገዱ ሞልቷል። ከሥራ ሲመለስ ደግሞ ከቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ጭቃ ይቀርጻል። ይሄኛው ለእንጀራ ሳይሆን ነፍሱ ስለምትወደው ነው። አንድ ሰሞን የጀመረው የአባቱን ራስ ነበር።

አባቱ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ቤታቸው ቅርብ ስለሆነ በየምሽቱ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ይመጡና ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ። "አፍንጫዬን እንዳታሳንሰው፣ የአባቴ ነው" ይላሉ። እናቱ በበኩላቸው "ቀድሞኝ ከሄደ የማየው ነገር እንዲኖረኝ ቶሎ ጨርሰው" ብለውት ነበር። እየሳቁ ይበሉት እንጂ የምራቸውን ነው፤ እሱም የምራቸውን መሆኑን ያውቃል።

ጭቃው ልክ ሰው መምሰል ሲጀምር አንድ የሥራ ባልደረባው ጌም አሳየው፤ በኢንተርኔት ቡድን ተሠርቶ የሚታኮሱበት ዓይነት። ከመጀመርህ በፊት የራስህን ተዋጊ ትሠራለህ፤ ጉንጩን፣ ቅንድቡን፣ የአገጩን ጠባሳ ሳይቀር እየመረጥክ። ፊት መሥራት የሚወድ ሰው ይህን አይቶ እንዴት ይቻለው? ለዚያች ብቻ አንድ ሙሉ ምሽት ፈጀ። ከዚያ ወዲያ ቀልቡ እዚያው ቀረ።

"አባዬ፣ መጣሁ፤ አንዲት ዙር ብቻ" ይላል፣ ሳሎን ጌሙ ፊት እንደተቀመጠ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ገለጥ አድርጎ።

"ጨርስና ና። እኔ ምን ሥራ አለኝ?" ይላሉ አባቱ፣ ወደ ጀርባዋ ክፍል እያለፉ።

አንዲቷ ዙር ሌላ ትወልዳለች። ጌሙ መሃል ላይ አይቆምም፤ ቢወጣ ደግሞ የቡድኑ ልጆች "ጥለኸን ልትሄድ ነው?" ይሉታል። መልካቸውን እንኳ አይቶ ለማያውቃቸው ሰዎች ይሉኝታ ሲይዘው፣ ለአባቱ የሚሆነው ይሉኝታ የት እንደገባ እንጃለት። አንዳንዴ ከተኩሱ መሃል የቧንቧ ድምፅ ከጀርባ ይሰማዋል። ሚስቱ ዕቃ የምታጥብ ይመስለዋል። በመጨረሻ ሲነሳ አባቱ ቤታቸው ገብተዋል።

ጭቃ ደግሞ እንደ ሰም አይደለም። ካልጨረስከው እርጥብ ጨርቅ ታለብሰዋለህ፣ ከላዩ ፌስታል ትሸፍንበታለህ፤ ጨርቁ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ትዝ ባለው ቁጥር በሩን ከፈት አድርጎ እጁን ከፌስታሉ ሥር ይሰድና ጨርቁን ይነካዋል። እርጥብ ነው። "ጎበዝ፣ ጠብቀኝ" ይልና በሩን መልሶ ይዘጋል። አይ እሱ! ጨርቅ በራሱ ለወራት እርጥብ ሆኖ የሚቆይ ይመስል። ማን እንደሚያርሰው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀም።

አባቱ አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ እንደተቀመጡ ሞቱ፤ ሳይታመሙ፣ ማንንም ሳያስቸግሩ።

ለቀስተኛው ሲበተን ጥርስ ሠሪው ሐዘኑን ልርሳ ብሎ ወደ ጌሙ ተመለሰ። ነገሩ የጀመረው ያኔ ነው። ማዳመጫውን ሲያጠልቅ ከተኩሱ ሥር ውሃ ሲፈስ ይሰማዋል። ሲያወልቀው ቤቱ ጭጭ። መልሶ ሲያጠልቀው ውሃው ይፈሳል፣ ቀጥሎ ወንበር ሲጥጥ ይላል፣ ቀጥሎ አንድ ሰው ጉሮሮውን ይጠራርጋል። የቡድኑን ልጆች "ማን ቤት ነው ውሃ የተከፈተው?" ቢላቸው "የምን ውሃ?" አሉት። ማዳመጫውን አወለቀ። ሚስቱን ጠራት።

"በጀርባ ቧንቧ ከፍተሻል እንዴ?"

"እኔ እዚያ ምን አለኝ? አባባ ነበሩ እንጂ የሚከፍቱት" አለች። "አንተ ስትጫወት እሳቸው ጨርቁን ያርሱና ቁጭ ብለው ይጠብቁሃል። ልጥራው ስላቸው 'ተዪው፣ ይመጣል' ይሉኛል።"

ተነስቶ ሄደና ፌስታሉን ገፎ ጨርቁን ገለጠ። ጨርቁ ሰንብቶ ደርቋል፤ ከሥሩ ያለው ጭቃ ደግሞ ፊት የለውም። ጨርቁን እርጥብ ማድረግ ብቻ እንደሚበቃ ማን ነገራቸው? ልጃቸው ሲመጣ ለስልሶ እንዲያገኘው ብለው በጣሳ ሲያፈሱበት ከርመዋል። አፍንጫው ታጥቧል፣ ጆሮዎቹ ወርደዋል፣ ዓይኖቹ ተደፍነዋል። አባቱ እየጠበቁት የገዛ ፊታቸውን አጥበው ጨረሱ። አንድ ቀን ብቻ ገልጦ ቢያይ ኖሮ በደረሰበት ነበር። ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ጌሙን አጠፋ። ጭቃውን አለስልሶ እንደገና ጀመረ። ፎቶ አለ፤ ግን ፎቶው ከፊት ነው፣ ጆሮ ከኋላ እንዴት እንደሚያያዝ፣ ሲስቁ ጉንጫቸው የት ላይ እንደሚሰበሰብ አያሳይም። ዓይኑን ጨፍኖ አባቱን ፈለጋቸው። የተቆለፈው ሸሚዝ ይመጣለታል፣ ድምፃቸው ይመጣለታል፣ ፊታቸው ግን የውሃ ሽታ ሆነ። በመጨረሻ ፎቶውን ገልብጦ "እጄ ያውቃል" አለና ለእጁ ለቀቀለት።

እጁ በእርግጥ ያውቅ ነበር። ሳያመነታ፣ አንዴም ሳያፈርስ ሠራ። ምሽቱን ሁሉ እዚያች ክፍል ውስጥ ሆነ፤ ውሃውም ተኩሱም ጠፋለት። "መጡልኝ" አላት ሚስቱን፤ ደስታው ፊቱ ላይ ይነበባል። እሷም ሄዳ እናቱን ይዛቸው መጣች።

እናቱ መነጽራቸውን አድርገው ቀረብ አሉ። ከፊት አዩት፣ ዞረው ከጎን አዩት። እጃቸውን ጉንጩ ላይ አሳርፈው ወደ አገጩ ወረዱ፤ እዚያ ላይ አንዲት ሰያፍ ጠባሳ አለች። ጣታቸው ጠባሳዋ ላይ ቆመ።

"ያምራል ልጄ" አሉ ቀስ ብለው። "ማን ነው?"

ያን ጊዜ አየው። ቅንድቡ፣ ጉንጩ፣ ጠባሳው፣ ሁሉም ራሱ የመረጠለት ነው። በየምሽቱ ፊት ለፊት የተያየው ከዚህ ተዋጊ ጋር ነበር፤ አባቱ ከጀርባው ተቀምጠው።

"ገና አላለቀም፣ እማዬ።"

"እንግዲያው ቶሎ ጨርሰው" አሉ እናቱ፣ ጣታቸው ላይ የቀረውን ጭቃ በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። "እኔም ዓይኔን ስጨፍን ፊቱ እየጠፋብኝ ነው።"