ሰባተኛው ተሳታፊ

«አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ አራት ነው ይላል አባትሽ!» አለ ጋሼ ኦክ፣ ማንኪያውን ቀዩ የሥጋ ሾርባ ውስጥ እንደነከረ። «እኔ ደግሞ አርባ ሁለት ነው ባይ ነኝ። በሁለት ቀዳዳ ስምንት ወር ተነታረክን እኮ! እሱ ግን ፍንክች አይልም። ‹አንተ ሰውዬ፣ መነጽርህን ቀይርና እንደገና ቁጠር› ይለኛል።»

ሄራን የሩዙን ሳህን ልታቀርብለት ጎንበስ ብላ ነበር። እንዳጎነበሰች ቀረች።

«የምን ቀዳዳ ነው፣ ጋሼ?»

«የግድግዳው ነዋ!» አለና ቀና ብሎ ፊቷን ሲያይ ሳቁ ከአፉ ላይ ጠፋ። «አልነገራችሁም እንዴ?»

የለቅሶው የመጀመሪያ ቀን ነበር። አባቷ ናም ዶክሱ ቻንግዎን ከተማ በሚገኝ የፓምፕ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት በጥራት ተቆጣጣሪነት ሠርቷል። በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ በሃምሳ ሰባት ዓመቱ፣ ሥራ ቦታው ሞቶ ተገኘ። ፋብሪካው በስልክ የነገራቸው «በድንገት አመመው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። የአበባ ጉንጉን ልኳል፤ ሰው ግን አልላከም። በአገሩ ወግ ለቅሶው የሚደረገው ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ አባቷ ወንድ ልጅ ስላልነበረው በምድር ቤቱ የለቅሶ አዳራሽ፣ ከፎቶው ጎን ቆማ ለእንግዳ የምትሰግደው አንድ ልጁ ሄራን ሆነች። አክስቷ ይህ አልተዋጠላትም። «የወንድ ቦታ ላይ ሴት አቁመን» እያለች ለሚሰማትም ለማይሰማትም ታጉረመርማለች።

ጋሼ ኦክ ከፋብሪካው የመጣ የመጀመሪያው ሰው ነው። የሶጁ አረቄውን ጨለጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ከመጋቢት ጀምሮ ሦስተኛ ፎቅ ነበርን። ዘጠኝ ሰው፣ ሁላችንም ከሃምሳ በላይ። ‹በፈቃዴ ለቅቄያለሁ› ብላችሁ ፈርሙ አሉን፤ አንፈርምም አልን። ከዚያ በኋላ ሥራ የለም። ጠረጴዛችንን ወደ ግድግዳ አዞሩትና ተቀመጡ አሉን። ስልክ የለም፣ ወሬ የለም፣ ዞሮ ማየት ክልክል ነው። ወደ ቤት ከመሄድሽ በፊት ‹ዛሬ ስለ ራሴ ያስተዋልኩት› ብለሽ አንድ ገጽ ትጽፊያለሽ። ግድግዳው ድምፅ እንዳያስተላልፍ የተለጠፈበት ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ ነው። ምን ይደረግ? ቆጠርን።»

ሄራን ቁጥሩን ታውቀዋለች። በመመረቂያ ጽሑፏ ስልሳ ሦስተኛ ገጽ ላይ ራሷ ጽፋዋለች።

ቡሳን ባለ ዩኒቨርሲቲ በሰው ኃይል አስተዳደርና በድርጅት ለውጥ ማስተርሷን ልትጨርስ የቀራት ይህ ጽሑፍ ብቻ ነበር። ርዕሷ ዕድሜያቸው የገፋ ሠራተኞች ለውጥን እንዴት እንደሚቀበሉ ነው። በግንቦት ወር፣ አንድ እሑድ እራት ላይ ለአባቷ አማረረች። «አሥራ ሁለት ሰው እፈልጋለሁ፣ ከሃምሳ በላይ የሆነ ሁሉ ግን መጠይቁን ከፍቶ እንኳ አያየውም፣ አባዬ!» እሱም «ወዲህ ላኪልኝ፤ ፋብሪካ ላሉት አስተላልፋለሁ» አላት። በማግስቱ አንድ መልስ ገባ። ስም የለውም፤ ተሳታፊ ሰባት አለችው። «ድርጅቱ ለለውጥ የሰጠዎትን ጊዜ እንዴት ይጠቀሙበታል?» ለሚለው ጥያቄ ሰውየው እንዲህ ብሎ ነበር፦ «የግድግዳውን ቀዳዳ እቆጥራለሁ። 1144 ነው። ከምሳ በፊት ከግራ፣ ከምሳ በኋላ ከቀኝ።»

ከሁሉ የከፋው ይህ አይደለም። በቀጣዩ እሑድ መልሱን እራት ላይ ጮክ ብላ አነበበችው።

«ስማ ይህን ጉድ! ደሞዝ እየተከፈለው ቀዳዳ የሚቆጥር! አንተ አለቃው ብትሆን ምን ታደርገዋለህ?»

አባቷ በበርበሬ የተቦካ የጎመን ኪምቺውን ቀስ ብሎ አኘከ። «ሌላ የሚሠራው አጥቶ ይሆናላ» አለ።

«ውይ አባዬ፣ አንተ ደግሞ ለሁሉም ታዝናለህ። የጻፍኩትን ልንገርህ፦ ‹ተሳታፊ ሰባት የተሰጠውን ጊዜ ራሱን ለማሻሻል ከማዋል ይልቅ በከንቱ ማሳለፍን መርጧል። ይህ ለውጥን የመቃወም ዓይነተኛ ምልክት ነው።› እንዴት ነው?»

«ጥሩ ጽፈሻል» አላት። «አጭርና ግልጽ ነው።» ከዚያም ተነስቶ ሳህኑን አጠበ።

አሁን በለቅሶ አዳራሹ፣ ከጋሼ ኦክ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ቁጭ አለች። ጋሼ ኦክ አፉ ሲንቀሳቀስ ታያለች እንጂ የሚለውን አትሰማም። እንደ ምንም «እንዴት ነው የሞተው?» ብላ ስትጠይቀው ሾርባው ላይ አቀርቅሮ ቀረ። «ነገ የሦስተኛ ፎቅ ጓደኞቻችንን ይዤ እመጣለሁ» ብሎ በር ላይ ያወለቀውን ጫማ በቅጡ ሳያጠልቅ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት እናቷ ከፎቶው ሥር ተቀምጣ የባሏን የሥራ ሸሚዝ እየደባበሰች ነበር። «ዘንድሮ ምን እንደሆነ እንጃ፣ ልብሱ አይቆሽሽም» አለች። «በየሳምንቱ የማጥበው ለወጉ ነበር። ‹ማሽኑ አዲስ ነው፣ ዘይት አያፈስም› ሲለኝ እኔም ደስ አለኝ።» ሄራን ነገሩን ሳትነግራት ሸሚዙን ተቀብላ አጣጠፈችው። ለእናቷ ያን ያህል በአንድ ቀን መጫን አልቻለችም።

ምሳ ሰዓት ላይ አማካሪዋ ፕሮፌሰር ጊል ከቡሳን መጡ። ለፎቶው ሁለት ጊዜ፣ ለእሷ አንድ ጊዜ ሰገዱ።

«መጽናናቱን ይስጥሽ። ስለ ጽሑፉ አትጨነቂ። የገምጋሚዎቹ ፊርማ አልቋል፤ ዓርብ ማስገባት ብቻ ነው። ስትመረቂ ሊቀጥርሽ ቃል የገባው አማካሪ ድርጅትም ቦታውን ይዞልሽ እየጠበቀ ነው።»

«ፕሮፌሰር፣ ተሳታፊ ሰባት አባቴ ነው።»

ሰውየው ክፉ ሰው አይደሉም፤ በእውነት ደንግጠዋል። ግን ድንጋጤያቸው ብዙም አልቆየም።

«ስሙ የለም» አሉ። «ማንም አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ። ያን አንቀጽ ላውጣው?»

«የጥናቱ ምሰሶ እሱ ነው፣ ሄራን። እሱን ከነካሽ ጽሑፉ ወደ ገምጋሚዎቹ ይመለሳል፤ ሥራውም ያመልጥሻል። ደግሞ አባትሽ ራሱ ምረቃሽን አይፈልግም ነበር?»

አባቷ ምረቃዋን እንደሚፈልግ ከሳቸው ይልቅ እሷ ታውቃለች። ሰገደችላቸውና እስከ በሩ ሸኘቻቸው።

ወደ ማምሻው ላይ፣ ፋብሪካው ሲለቅ፣ የተቀሩት ስምንቱ የሦስተኛ ፎቅ ሰዎች አንድ ላይ መጡ። ሰባቱ ተራ በተራ ሰገዱና የመጨረሻው ጠረጴዛ ጋ ሄደው ተቀመጡ። ጋሼ ኦክ ሄራንን ወደ ጫማ መደርደሪያው ጠራትና ከብብቱ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አወጣ። የድርጅት ለውጥ መግቢያ፤ የመጀመሪያ ዓመት መማሪያዋ ነው። ጠፋኝ ብላ ሌላ ገዝታ ነበር።

«ፋብሪካው የአባትሽን ዕቃ በካርቶን ሲያሽግ ሰርቄ ነው ያወጣሁት» አለ። «ከግንቦት ወዲህ መቁጠሩን ተወ። ይህን በዚያ ‹ስለ ራሴ ያስተዋልኩት› በሚለው ወረቀት ሸፍኖ ያጠናል። ‹ምነው፣ በስተርጅና ዩኒቨርሲቲ ገባህ እንዴ?› ብዬ ብቀልድበት ‹ልጄ በጊዜህ ራስህን አሻሽል ትላለች፤ የተማረ ሰው ምክር ነው› አለኝ። የምሩን ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ያስረዳን ነበር፤ ሲያስረዳ ደግሞ አይቻልም!»

ሄራን መጽሐፉን ገለጠችው። ጠርዙ በሙሉ በአባቷ እንጨት የመሰለ ጽሕፈት ተሞልቷል፦ «ይህ አልገባኝም፤ ሄራንን ሳይታወቅብኝ ልጠይቃት።»

«ጋሼ ኦክ፣ ትናንት የጠየቅኩህን አልመለስክልኝም።»

ጋሼ ኦክ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ መጽሐፉ ላይ እንዳቀረቀረ ነበር። ከጎኑ ነበርኩ፣ ልጄ፤ ከዚህ እስከዚያ በር አይርቅም። ዞሮ ማየት ክልክል ነው፤ እያጠና ነው አልኩ። የምሳ ደወል ሲደወል ሁላችንም ተነሳን፤ እሱ አልተነሳም።»

እስከ ምሳ ሦስት ሰዓት ሙሉ ማንም ዞሮ አላየውም። ሄራን ስልኳን አወጣችና ለፕሮፌሰሩ ጻፈች፦ «ዓርብ አላስገባም። እንደ አዲስ እጽፈዋለሁ።» ከላከች በኋላ ስልኩን አጠፋችው።

አክስቷ ትሪ ይዛ መጥታ ክንዷን ጎሸም አደረገቻት።

«እነዚያ ሰዎች ምን ሆነዋል? ያስቀየማቸው አለ እንዴ?»

ሄራን ዞራ አየች። ጋሼ ኦክም ገብቶ ተቀላቅሏቸው ነበር። ስምንቱ ሰዎች በረጅሙ ጠረጴዛ በአንዱ ወገን ብቻ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሰልፈው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ይበላሉ። አንድም ሰው ከፊት ለፊታቸው አልተቀመጠም። እንደዚያ ተቀመጡ ያላቸውም የለም።

«ምንም አልሆኑም፣ አክስቴ» አለች።

ከክምሩ ላይ አንድ መቀመጫ ትራስ አነሳች። በጠረጴዛውና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ነበር፤ የሐዘን ቀሚሷን ሰብስባ በጎን ገባችና ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ከፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ሰዎቹ መብላት አቆሙ፤ ዓይናቸውን ግን ከሳህናቸው ላይ አላነሱም። ሄራን ልትቀዳላቸው የሶጁውን ጠርሙስ በሁለት እጇ አነሳችና እስኪያዩዋት ድረስ ጠበቀች።