ጎንበስ የሚያስብለው በር

ቢቸና ውስጥ እኔን ሰላም የሚል ሰው ሁሉ ጎንበስ ይላል። ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው ይህን ሲያይ «ይኼ ሰው ምንኛ ቢከበር ነው» ብሎ ሳይቀናብኝ አይቀርም። አክብሮት አይደለም። ስድብ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ፣ በአንገታቸው ሲሰድቡኝ ኖሩ።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ስሜ ገላው ነው፤ አናጢ ነኝ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ነው። ሰባተኛ ያልገባሁት ደደብ ሆኜ አይደለም፤ ስሜን ከዝርዝሩ የዘለለ ጸሐፊ ነበር። እሱንም አልረሳሁትም።

ባየ የሚባል የቢቸና ሽማግሌ ልጁን ሊድር ሲል አዲስ ቤት ሠራና የሳሎኑን በር ሥራልኝ አለኝ። እዚህ ላይ «አለኝ» እያልኩ እጽፋለሁ፤ ፊት ለፊት ሲሆን «አሉኝ» ማለቴ አይቀርም፣ ሽማግሌ ናቸውና። ወረቀት ላይ ግን አንቱታዬን ነፍጌዋለሁ።

ያን ሰሞን ሜትሬ ተበጥሶ ነበር። ባየን ራሱን አቁሜ ከጫማው እስከ ባርኔጣው በገመድ ለካሁት፤ ረጅም ሰው ነው። ለክብሩ ብዬ አንድ ስንዝር ጨመርኩና ገመዱን ቆርጬ አጥሩ ላይ ሰቀልኩት። ውኃ ጠጥቼ ስወጣ የባየ ጥጃ አጥሩ ሥር ቆማ ታመነዥካለች። ልብ አላልኩም። መቃኑን በዚያ ገመድ ልክ ሠርቼ አቆምኩ፤ ጭቃው በዙሪያው ተመረገ፤ ደረቀ።

የሠርጉ ዕለት ሙሽራው ግንባሩን መታ። ሚዜውም መታ። የወጥ ድስት የተሸከመች ሴት ድስቷን ደጅ ላይ ጥላ ብቻዋን ገባች። በመጨረሻ ባየ በሩ ላይ ቆሞ ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ «ጎንበስ በሉ፣ የገላው በር ነው» ማለት ጀመረ። ጥጃዋ ገመዱን በልታብኝ ነው ብል ማን ይስማኝ? ይባስ ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ገበያ ላይ ባልፍ፣ ቤተ ክርስቲያን ብስም፣ ለቅሶ ላይ ብቀመጥ፣ የቢቸና ሰው ሲያየኝ ጎንበስ ይላል። ለቅሶ ላይ እንኳ።

አምና ሰኔ ላይ መጋዜንና መላጊያዬን ጠቅልዬ ሞጣ ገባሁ። እዚያ ለልጆች የክረምት ትምህርት ሊከፈት ነበር፤ በአንዱ ክፍል እንጨት ሥራ፣ በሌላው ስፌት። አስተባባሪው ባንተአምላክ ነው። ገና ወጣት ነው፤ ፎርም ይዞ ነው የሚተኛ ይመስለኛል። ሰርተፊኬት አለዎት ወይ ሲለኝ የሠራሁትን በርጩማ አቀረብኩለት። ተቀመጠበት፤ ግራ ቀኝ ተወዛወዘበት፤ ፎርሙ ላይ «ልምድ» ብሎ ሞላና ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣ «እንግዲህ መምህር ገላው፣ ሰኞ ይጀምሩ» አለኝ።

መምህር። ይህን ቃል ከስሜ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው። እስክሞት ሞጣ ልቀመጥ ወሰንኩ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የበሩ ወሬ ከቢቸና ተነሥቶ ሞጣ እንዳይደርስ።

ሰኞ ጠዋት አሥር ልጆች ተሰልፈው ገቡ። ትንሹ ዘጠኝ፣ ትልቁ አሥራ ስድስት ዓመት ይሆነዋል። «እንደምን አደሩ መምህር» አሉና አሥሩም በአንድ ጊዜ ጎንበስ አሉ።

ማን ነገራችሁ አልኳቸው። ምኑን አሉኝ። ይኼን ጎንበስ ማለት ማን አስተማራችሁ ብዬ ስጮህ ጸደንያ የምትባለው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ በኋላ መጋዝ በመያዝ ከሁሉም የበለጠችው፣ እናቴ ናት አለችኝ።

«እናትሽ የቢቸና ሰው ናት?»

«አይደለችም መምህር። የመርጡለ ማርያም ናት።»

ወሬው መርጡለ ማርያም ደርሷል ማለት ነው። ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ።

አሰብኩ፣ አሰብኩና ጥፋተኛዋን አገኘኋት። በሚቀጥለው ክፍል ስፌት የምታስተምረው በዛብሽ የቢቸና ሰው ናት፤ ያውም የባየ የወንድም ልጅ። ሄጄ ወሬውን ያመጣሽው አንቺ ነሽ አልኳት። ሁልጊዜ አምስት ስድስት መርፌ በከንፈሯ ይዛ ነው የምትሠራ፤ ቀና ብላ አየችኝና «እም» አለች። እኔ ይህን እንደ ቃሏ ቆጠርኩት። የእምነት ክህደት ቃል ተቀብሎ እንደ ወጣ ዳኛ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ወደ ክፍሌ ተመልሼ ሕግ አወጣሁ። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ጎንበስ የሚል ተማሪ የለም፤ ሰላምታ ቀጥ ብሎ ነው አልኩ። ጸደንያ መጋዝ ስንስብስ ብላ ጠየቀች፤ ጉልበታችሁን እጠፉ አልኳት። ሚስማር ሲወድቅብንስ አለች፤ እሱንም በጉልበት። እንዲህ ሆነና ክፍሌ ላስተዋለው ሰው የዶሮ ቆጥ መሰለ። አሥር ልጆች ቁጢጥ ብድግ፣ ቁጢጥ ብድግ እያሉ ሚስማር ይለቅማሉ፣ አንገታቸው ግን እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ያለ ነው። ወገባቸው ባይታጠፍም ሥራውን ግን ቶሎ ያዙት። በሁለተኛው ሳምንት የማይወዛወዝ በርጩማ ሠሩ። የእኔው አሁንም ይወዛወዛል።

ችግሩ ሕጌን ይዘው ወደ ቤታቸው መሄዳቸው ነው። የአንዱ ልጅ እናት መጥታ፣ ልጄን የአያትህን ጉልበት ሳም ስለው «እማማ፣ ጉልበትዎን ያንሡልኝ» አላቸው ብላ ለባንተአምላክ አመለከተች። ሌላዋ ደግሞ ልጄ መንገድ ላይ ትልቅ ሰው ስታይ ወታደር ሆና ትገተራለች አለች። ባንተአምላክ ፎርሙን ይዞ መጣ። ወላጆች ፋታ አሳጡኝ፣ እንጨት ሥራ ልጆቻችንን ስድ አደረገ ብለዋል አለኝ። በመዝጊያው ቀን ሁሉም ይመጣሉ፤ የእነሱ ፊድባክ፣ አስተያየታቸው ማለቱ ነው፣ ጥሩ ካልሆነ ለከርሞ እንጨት ሥራ ይቀራል፣ ክፍሉም ለስፌት ይሰጣል። ስፌት ሲል ወደ በዛብሽ ክፍል በእጁ ባያመለክት ጥሩ ነበር።

እንግዲያው ለመዝጊያው በር እንሠራለን አልኩ። የክፍላችን ግንብ የበሩ ቦታ እስከ ቆርቆሮው ድረስ ክፍት ነበር፤ ከተሠራ ጀምሮ በር ገጥሞለት የሚያውቅ የለም። በዚህ በር አንድም ሰው አንገቱን እንዳይሰብር ብዬ ማልኩ። እህል ተራ ሄደን ረጅሙን ተሸካሚ ፈልገን፣ ጆንያ ተሸክሞ እያለ አስቁመን በሜትር ለካነው። ሦስት ጊዜ። ጸደንያ ጻፈችው። እኔ ደግሞ ላይ አንድ ክንድ ጨመርኩ። ልጆቹ መምህር፣ ይኼ ለማን ነው አሉኝ፤ ለሁሉም አልኳቸው።

በሩ ቆመ። ግመል ቀና ብላ ታልፍበታለች። በዛብሽ ለበሩ መጋረጃ ልጆቼ ይስፉ አለች፤ ሰፍተው ሲሰቅሉት ጫፉ ከጉልበት በላይ ቀረ። አምላኩ የሚባል የስፌት ተማሪ ደግሞ የሹራቡን እጅጌ አብሮ ሰፍቶት ኖሮ መጋረጃው ሲወጣ አብሮ ተንጠለጠለ። እሱን አውርደን ስናበቃ፣ አጥሮብሻል እኮ ስላት በዛብሽ መርፌዋን ከአፏ አወጣች።

«አያ ገላው፣ እኔ የለካሁት ለሰው ነው።»

ከዚህ አያይዛ፣ ነገ አጎቷ ከቢቸና እንደሚመጣ ነገረችኝ። የስፌት መኪናውን የሰጣቸው እሱ ነውና የክብር እንግዳ ነው። ባየ። እራቴን አልበላሁም።

በመዝጊያው ቀን ወላጆች በአግዳሚው ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ጥሩ አልነበረም። አሥሩ ተማሪዎቼ በሥራ ጠረጴዛው ፊት ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ እኔ መጋረጃው ጥግ ላይ ነኝ፣ መላጊያ በእጄ፣ ሥራ ያለብኝ መስዬ። በመጋረጃው ሥር የሁለት እግርና የአንድ ከዘራ ጫፍ አየሁ። አወቅኋቸው።

መጋረጃው ተገለጠና ባየ ገባ። አገባቡን ልንገራችሁ። የሦስት ሰው ቁመት ያለው በር ፊት ደርሶ፣ ኩታውን ሰብሰብ አድርጎ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ፣ ወገቡን እጥፍ አደረገና ጉልበቱን ሊስም ምንም ሳይቀረው የሚድህ ያህል ሆኖ ገባ። ከውስጥ ቀና አለ።

ልጆቹ ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም ጎንበስ ሲል አላዩም፤ አሁን ፀጉሩ የሸበተ ሽማግሌ ወለሉ ድረስ ወርዶላቸዋል። ወደ እኔ አዩ። ጸደንያ እኔን ትታ ጎንበስ አለች። ዘጠኙም ተከተሏት፤ የሦስት ሳምንቱን ውዝፍ በአንድ ጊዜ ሊከፍሉ ስለፈለጉ ሳይሆን አይቀርም፣ አሥሩም ግንባራቸውን ከጠረጴዛው ጋር ኳ አደረጉት። እናቶች እልል አሉ። ባንተአምላክ ፎርሙ ላይ ጻፈ።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ጸደንያ ግን ግንባሯን እያሻሸች፣ አባባ፣ ይኼን በሚያህል በር ለምን ጎንበስ አሉ ብላ ጠየቀችው። ባየ ሳቀና የቤቴ በር አስለምዶኝ ነው፣ አውቶቡስም ገበያም የምገባ እንዲሁ ነው አላት። አፌ አላስችል አለኝ።

«ታዲያ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ለምን አላስቀየሩትም?»

«ምኑን ነው የማስቀይረው?» አለ ባየ። «እኔ ቤት ሳይሰግድልኝ የሚገባ አለ እንዴ? ያ የማይወደኝ ወንድሜ እንኳ እጅ ነሥቶ ነው የሚገባ። ሹም ይመጣል፣ ጎንበስ። ተሳዳቢ ይመጣል፣ ጎንበስ። ስድቡን ሳይጀምር ግንባሩን ይዞ ይቀመጣል። አሁንም የመጣሁት ልለምንህ ነው ገላው፤ የጓዳውንም ልክ እንደዚያው ሥራልኝ።»

ቢቸናን በሙሉ አንገት ያስደፋሁለት ሰው መሆኔን ያን ጊዜ አወቅሁ። ማመስገን ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ጥጃዋስ?»

ባየ ከዘራውን አየት አደረገ። «ጥጃዋማ በልታለች። ገመዱ ከአፏ ተንጠልጥሎ አይቻታለሁ።»

«አይተው ዝም አሉ?»

«ሠርግ ነበራ። በሠርግ ቀን ማን ስለ ጥጃ ያወራል?»

በዛብሽ መርፌዎቿን በሙሉ ተፍታ ሳቀች። ወላጆች ምን ጥጃ፣ ምን ገመድ ብለው ጠየቁ፤ ባየም አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሙሽራውን፣ ሚዜውን፣ ድስቷን፣ አንዱንም ሳያስቀር ተረከላቸው። አሥራ አራት ዓመት የሸሸሁት ወሬ ሞጣ የገባው እኔው በሠራሁት በር፣ እኔው በጠየቅሁት ጥያቄ ነው። በዛብሽን ጠጋ ብዬ፣ ታዲያ አንቺ አልነገርሽም ስላት፣ መርፌ ጎርሼ ማውራት እችላለሁ ወይ አለችኝ። ልጆቹስ በመጀመሪያው ሰኞ ጎንበስ ያሉት ስላት፣ ያሳደጋቸው ሰው ስላለ ነው አለች።

እንጨት ሥራው አልቀረም፤ ፊድባኩ «ልጆቻችን ጨዋ ሆነውልናል» ይላል። መምህር ይሉኛል፤ ይሉኝና ጎንበስ ይላሉ። የቱ ለእኔ፣ የቱ ለበሩ እንደሆነ ፊታቸውን እያየሁ ልለይ ብሞክርም ጎንበስ ስላሉ ፊታቸው አይታየኝም።

የጓዳውን በር እሠራለሁ ብያለሁ። ጸደንያና ሁለት ልጆች አብረውኝ ቢቸና ይወርዳሉ። ነገር ግን ያለ ቅድመ ሁኔታ አልተቀበልኩም፤ መጀመሪያ ቅዳሜ ገበያ መሐል ቆመው ጥጃዋ ናት ብለው ይናገሩልኝ አልኩት። ባየ እሺ አለ። ጥጃዋ አሁን አሮጊት ላም ናት፣ ለምስክርነት እሷንም ይዤ እመጣለሁ አለኝ።

በዚያው ቀን ልሸኘው ወጣሁ። የግቢው መውጫ ሁለት ቋሚ እንጨት ብቻ ነው፤ ከላዩ ሰማይ እንጂ ሌላ ነገር የለም። ባየ እዚያ ሲደርስ ኩታውን ሰብሰብ አደረገና ጎንበስ ብሎ ወጣ።