ያልቀላው ጥጥ

በሕንድ አገር፣ በአህመዳባድ ከተማ ዳርቻ ባለው የቀለም ፋብሪካ፣ ትናንት የትኛው ቀለም እንደተሠራ ለማወቅ መዝገብ መክፈት አያስፈልግም፤ የወንዶቹ ሽንት ቤት መግባት ይበቃል። ቢጫ በተሠራ ማግስት ሽንታቸው ቢጫ፣ ቀይ በተሠራ ማግስት ቀይ ነው። ሠራተኞቹ ይቀላለዱበታል እንጂ አይደነግጡም። ቀለሙ የሚሠራበትን ግራጫ የቤንዚዲን ዱቄት በአካፋ ለሚዝቁት በየቀኑ አንዳንድ ጓል የሸንኮራ ስኳር ይታደላቸዋል፤ አቧራውን ከጉሮሮ ያወርዳል ይባላል።

ካንቲላል ስምንት ዓመት ዱቄት ከዛቀ በኋላ ናሙና ክፍል ገባ። ሥራው ከየጋኑ ቀለም ቀድቶ፣ በጨው ውሃ ጥጥ አቅልሞ፣ አጥቦ፣ ደንበኛው ካዘዘው ጋር ማስተያየት ነው።

ለዲዋሊ በዓል ፋብሪካው ስድስት ቀን ተዘጋ። በስድስተኛው ቀን ጠዋት የካንቲላል ሽንት ቀይ ነበር።

ሥራ በተጀመረ ዕለት ለአለቃው ለሶማባይ ነገረው።

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» አለ ሶማባይ። «እኔ እዚህ ከገባሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የእኔ እንደ ቀስተ ደመና ነው።»

«ስድስት ቀን ዘግተን ነበር እኮ፣ ጋሼ።»

«ቀለም አጥንት ውስጥ ይከርማል። ስኳርህን ብላና ዝም በል። አምና ደም ሸናሁ ያለውን ሰውዬ በማግስቱ ዘበኛው ከበር አልመለሰውም?»

መልሶታል። ሰውዬው ሥራ ካጣ በሰባተኛው ወር ሞተ፤ የሽንት ፊኛው ውስጥ ዕጢ ነበር አሉ። ካንቲላል ሥራውንም ነፍሱንም ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቀለም ይሁን ደም ማወቅ ነበረበት።

የጽሕፈት ቤቱን ጸሐፊ ሽንት ለመነው፤ ዱቄት ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው። ጸሐፊው «ለምንድን ነው?» አለ። «ለሥራ» አለው። ሰጠው። ካንቲላል ይህን ሽንት ከራሱ ጋር ልክ እስኪመሳሰል በፋብሪካው ቀይ ቀለም በጠበጠው። በሁለቱም እኩል ጨው ጨመረ፣ እኩል የሚመዝን ነጭ የጥጥ ፈትል ነከረ፣ ግማሽ ሰዓት አፈላ፣ በሳሙና አጠበ። በጸሐፊው ሽንት የተነከረው ቀላ። የራሱ ሽንት ግን ሲፈላ ደፈረሰና ቡናማ ሆነ፤ ጥጡ ታጥቦ ነጭ ወጣ። ደገመው። ያው ነው፤ ቀለም ቢሆን ጥጡን ይዞት ይቀር ነበር።

ሶማባይ ገባ።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?»

«ሽንቴ ነው፣ ጋሼ። ጥጡ አልቀላም።»

ሶማባይ ፈትሉን መስኮት ላይ ወስዶ አየው። ማስረዳት አላስፈለገም። ፈትሉን አስቀምጦ ወጣ። ካንቲላል ዘበኛው እስኪጠራ የምሳ ሳህኑን ቋጥሮ ተቀመጠ።

ሶማባይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ ይዞ ተመለሰ።

«የጎረቤቴ ነው» አለ።

ካንቲላል ጠርሙሱን ዳበሰው። ገና ትኩስ ነበር።

«ቅርብ ነው የሚኖሩት?»

«ሥራህን ሥራ!»

እኩል ጨው፣ እኩል ጥጥ፣ ግማሽ ሰዓት። ደፈረሰ፤ ቡናማ ሆነ። ጥጡ ነጭ ወጣ።

«ልድገመው?»

«ተወው።» ሶማባይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አሁን ምን ልታደርግ ነው?»

«በስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ ሆስፒታል እሄዳለሁ።»

«ነገ በር ላይ ይመልሱሃል።»

«ይመልሱኛ። ለጎረቤትዎም ይንገሯቸው።»

ሶማባይ ከወንበሩ ተነሣ።

«ጎረቤቴ መንገዱን አያውቀውም» አለ፤ የሥራ ካፖርቱንም አወለቀ። «ጫማዬን ልቀይር፣ ጠብቀኝ።»

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ የቀዩን ጋን ናሙና ያየ የለም።